ጥቁር ባርኔጣና ሳቅ፦ ሣራ ቫውል ስለ ፒዩሪታኖች የጻፈችው መጽሐፍ

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ፒዩሪታኖችን በስም ባያውቃቸው በባርኔጣቸው ያውቃቸዋል። የምስጋና ቀን በደረሰ ቁጥር ሕፃናት ከጥቁር ወረቀት ተቆርጦ የተሠራ፣ ፊት ለፊቱ ቢጫ ዘለበት የተለጠፈበት ባርኔጣ ደፍተው ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ባርኔጣው የአገሪቱ የመጀመሪያ አባቶች ምልክት መሆኑ ነው። ችግሩ፣ ሰዎቹ እንዲህ ያለ ባርኔጣ አልነበራቸውም። ዘለበቱን የጨመሩላቸው ከእነሱ ብዙ ቆይተው የመጡ ሠዓሊዎች ናቸው። ጥሩ ጥቁር ጨርቅም በዚያ ዘመን ውድ ስለነበር ተራው ሰው በአዘቦቱ ቀን ቡናማውንም፣ አረንጓዴውንም፣ ቀዩንም ይለብስ ነበር።

ከባርኔጣው ሌላ ለእነዚህ ሰዎች የተረፋቸው ነገር የሰው መሳቂያ መሆን ነው። ፒዩሪታን ማለት በአሜሪካ የቀልድ ዓለም ፊቱን ያጨማደደ፣ ጨዋታ የሚጠላ፣ የጎረቤቱን መስኮት የሚያጮልቅ ሰው ነው። በእነሱ ላይ መሳቅ እንደ አሜሪካ ታሪክ ራሱ ያረጀ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቶማስ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ ጠበቃ በ1627 ከፕሊመዝ ሰፈራ ራቅ ብሎ 80 ጫማ የሚረዝም ግንድ ተከለና ከአገሬው ሰዎች ጋር እየጠጣ ሲጨፍርበት፣ ጎረቤቶቹ ይዘው ወደ እንግሊዝ አባረሩት። እሱም በ1637 አምስተርዳም ላይ በታተመ መጽሐፍ ተበቀላቸው፤ ቁመቱ አጭር የነበረውን የፕሊመዝ ጦር አዛዥ “ካፒቴን ሽሪምፕ” እያለ ተሳለቀበት። በ1809 ዋሽንግተን ኧርቪንግ የደቾችን ኒው ዮርክ ታሪክ እተርካለሁ ብሎ፣ መንገደ መንገዱን የኒው ኢንግላንድ ጎረቤቶቻቸውን አላገጠባቸው። ማርክ ትዌይን በዲሴምበር 1881 ፊላደልፊያ ላይ የፒልግሪሞችን መታሰቢያ ለማክበር በተሰበሰቡ ሰዎች መካከል ተነሥቶ፣ ምን የሚከበር ነገር አላችሁ ሲል ጠየቃቸው። የእሱ ቅድመ አያቶች እነዚያ አባቶች ያሳደዷቸው ሰዎች እንደሆኑም ነገራቸው፦ ቆዳው የተገፈፈ ኢንዲያን፣ የተባረሩ ኩዌከሮች፣ በጥንቆላ የተከሰሱ የሴለም ሴቶች፣ ከአፍሪካ የመጣ ባሪያ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሜንከን ስማቸውን ራሱን ስድብ አደረገው።

ይህ ሁሉ ሳቅ አንድ ነገር ያመሳስለዋል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚወረወር ሳቅ ነው። የሚስቀው ሰው ንጹሕ ነው፣ የሚሳቅበት ሞኝ ነው። የትዌይን ብቻ ትንሽ ለየት ይላል፤ ከቀልዱ ሥር የሞቱ ሰዎች አሉ። ሣራ ቫውል በ2008 “ዘ ወርዲ ሺፕሜትስ” የተባለውን መጽሐፏን ስታወጣ የወረሰችው ይህንን የትዌይንን መንገድ ነው። ርእሱን በአማርኛ “ነገረ ብዙዎቹ የመርከብ ባልንጀሮች” ብንለው የሚቀርበው ይመስለኛል። ከትዌይን ግን አንድ እርምጃ ትርቃለች፦ ሰዎቹን ትወዳቸዋለች።

ቫውልን ብዙዎቻችን ሳናውቅ ሰምተናታል። “ዘ ኢንክሬዲብልስ” በተባለው የ2004 የካርቱን ፊልም ውስጥ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ደፍታ የምትሄደው የቫዮሌት ድምፅ የእሷ ነው። በአሜሪካ ሬዲዮ “ዚስ አሜሪካን ላይፍ” በተባለው ዝግጅት ለዓመታት ተርካለች። ኦክላሆማ ውስጥ ነው የተወለደችው፤ የቼሮኪ ደም አላት፤ በልጅነቷ ያደገችው ጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሦስቱም ነገሮች በመጽሐፉ ውስጥ ይሠራሉ። ስብከት ሰምታ ያደገች ስለሆነች የስብከትን ጉልበት ታውቃለች፤ የተፈናቀሉ ሰዎች ልጅ ስለሆነች ደግሞ ስብከቱ በማን መሬት ላይ እንደተሰበከ አትረሳም።

የምትጽፍላቸው ፒዩሪታኖች በ1620 በ“ሜይፍላወር” የመጡት አይደሉም። በ1630 “አርቤላ” በተባለችው መርከብና በተከታዮቿ መጥተው የማሳቹሴትስ ቤይን ቅኝ ግዛት ያቆሙት፣ ቦስተንን የመሠረቱት ናቸው። ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል፤ ቫውል ግን የመጽሐፏን ቀልድ ግማሽ ያገኘችው ከዚያ ነው። የፕሊመዞቹ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ለይተናል ያሉ ናቸው። የቦስተኖቹ ደግሞ ውቅያኖስ አቋርጠው፣ ጳጳስ በሌለበት አገር የየራሳቸውን አገልጋይ መርጠው፣ አልተለየንም ይላሉ። በውጭ አገር ለኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ ስደተኛው ሲኖዶስና “ገለልተኛው” በአንድ ከተማ ሦስት ደብር ሲተክሉ ያየ ሰው፣ ለምን በዚህች ነጥብ የዕድሜ ልክ ጠብ እንደሚነሣ ከቫውል የአሜሪካ አንባቢዎች ይልቅ ይገባዋል።

የመጽሐፉ ማዕከል ሰው ሳይሆን አንድ ጽሑፍ ነው። የቅኝ ግዛቱ ገዥ ጆን ዊንትሮፕ በጉዞው ዋዜማ ወይም በጉዞው ላይ የጻፈው፣ ስለ ክርስቲያናዊ ፍቅር የሚናገር ስብከት። ከዚህ ስብከት ዓለም የሚያውቀው በተራራ ላይ ስላለችው ከተማ የሚናገረውን፣ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደውን ሐሳብ ነው። ጆን ኬኔዲ በጃንዋሪ 1961 ፕሬዚዳንት ሊሆን ቀናት ሲቀሩት ጠቀሰው። ሮናልድ ሬገን ደግሞ “የምታበራ” የሚል ቃል ጨምሮ የራሱ አደረገው፤ በ2004 በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይም ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ከስብከቱ አነበበችለት።

ቫውል የምትለው፣ የምታበራው ከተማ ስብከቱን ሸፍናዋለች ነው። የዊንትሮፕ ከተማ የኩራት ከተማ አይደለችም፤ የስጋት ከተማ ናት። በተራራ ላይ ያለ ሰው ከሁሉም ይታያል፤ ቢወድቅም ሲወድቅ ሁሉም ያየዋል። ደግሞም የስብከቱ ልብ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ዊንትሮፕ ሰዎቹ እንደ አንድ አካል እንዲሆኑ፣ አንዱ ሲያዝን ሌላው አብሮ እንዲያዝን፣ የተረፈው ለጎደለው እንዲያካፍል ይማጸናል። ቫውል ይህንን ክፍል ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ ሆና እንዳጽናናት ትናገራለች። ቀልደኛዋ ጸሐፊ በዚህ ቦታ አትቀልድም፤ አንባቢም አምኖ ይከተላታል፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ሰዎቹን ከበቂ በላይ አፊዛባቸዋለች። ስብከቱ የሚጀምረው እግዚአብሔር አንዱን ሀብታም ሌላውን ደሃ አድርጎ እንደፈጠረ በማወጅ መሆኑንም አትደብቅም። ያ መግቢያና ያ ልመና ከአንድ ሰው አፍ መውጣታቸው ነው የሚስባት።

ሳቋ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የማሳቹሴትስን ማኅተም መመልከት ይበቃል። በቅኝ ግዛቱ ማኅተም ላይ ቅጠል ያገለደመ ኢንዲያን ቆሟል፤ ከአፉም ተሻግረው እንዲረዱት እንግሊዞቹን የሚለምን ቃል ይወጣል። ቃሉ የተወሰደው ከሐዋርያት ሥራ፣ ጳውሎስ በሕልሙ ካየው የመቄዶንያ ሰው ነው። ማንም ሳይጠራው የመጣ እንግዳ የጥሪ ደብዳቤውን ራሱ ጽፎ፣ በባለቤቱ አፍ ከትቶ፣ ማኅተም አድርጎበታል። እዚህ ላይ ጸሐፊ ቀልድ መጨመር አያስፈልገውም፤ ነገሩን በትክክል መናገር ብቻ ይበቃዋል። የቫውል ምርጥ ቀልዶች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ሰነዱን እንደወረደ ታቀርባለች፣ ቀልዱ የሚወጣው ከራሱ ከሰነዱ ነው። ጥናት የሌለው ቀልደኛ ይህን ማድረግ አይችልም።

ሮጀር ዊሊያምስን በተመለከተችበት ክፍል ይህ ችሎታዋ ጎልቶ ይወጣል። ዊሊያምስ በ1631 ቦስተን ሲደርስ ለፒዩሪታኖቹ እንኳ የበዛ ፒዩሪታን ነበር። ያልጠራ ሰው ጋር አልጸልይም፣ አልቆርብም እያለ የሚያቆርበውን ክበብ ሲያጠብ ሲያጠብ፣ መጨረሻ ላይ ከሚስቱ ጋር ብቻ ቀረ ይባላል። የንጉሡ የመሬት ስጦታ ዋጋ የለውም፣ መሬቱ የኢንዲያኖቹ ነው አለ። መንግሥት በሰው ሃይማኖት ምን አገባው አለ። በ1635 እንዲባረር ተፈረደበት፤ በጃንዋሪ 1636 በበረዶ ውስጥ ወጥቶ ናራጋንሴቶች ዘንድ ተጠጋ፤ ፕሮቪደንስን መሠረተ። ያቺ ከተማ በኋላ የሃይማኖት ነፃነት መጠጊያ ሆነች። አስገራሚው ነገር መንገዱ ነው። ዊሊያምስ ወደ መቻቻል የደረሰው በለዘብተኝነት አይደለም፤ በአክራሪነት ነው። ንጽሕት ቤተ ክርስቲያን በምድር የለችም ብሎ ካመነ፣ ማን ማንን በሃይማኖቱ ሊቀጣ ይችላል? ቫውል ይህን ሐሳብ እያሳቀች ታስረዳለች፤ አንባቢም ሥነ መለኮት እየተማረ መሆኑን ሳይጠረጥር ገጹን ይጨርሳል። ወደ ናራጋንሴት እንዲሸሽ በስውር የመከረው ከባራሪዎቹ ወገን የሆነው ዊንትሮፕ ራሱ መሆኑን ስናነብ ደግሞ፣ ጥቁር ባርኔጣ የደፋው የካርቱን ሰው ይጠፋና ሕሊናና ሥልጣን የሚታገሉበት ሰው ይታየናል።

አን ሃቺንሰንም እንዲሁ። በቤቷ ሴቶችን ሰብስባ ስብከት ስለተረጎመች፣ ከዚያም ወንዶች ጭምር ስለመጡላት፣ በኖቬምበር 1637 ፍርድ ቤት ቀረበች። ዊንትሮፕ ዳኛም ከሳሽም ነበር። ሴትዮዋ በመጽሐፍ ቅዱስ እውቀት ሁሉንም አፍ አስያዘቻቸው፤ ልትረታቸውም ቀርባ ነበር። ከዚያ ግን ማንም ሳይጠይቃት እግዚአብሔር በቀጥታ እንደሚናገራት ተናገረች፤ በዚያች አንድ ቃል ተያዘች። ቫውል በዚህ ትዕይንት ላይ እንደ እኛ ቤት አክስት ናት፤ ምነው ዝም ባልሽ እያለች ታዝናለች፣ ደግሞም ዝም ባለማለቷ ታደንቃታለች። ማሳቹሴትስ በዊሊያምስ ላይ የተላለፈውን ፍርድ የሻረው በ1936፣ የሃቺንሰንን ደግሞ በ1987 ነው። ፍርድ ቤት የሚንቀረፈፈው አገር ቤት ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህን መንገር ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው መጽሐፍ ጎበዝ፣ ተጫዋች መጽሐፍ ነው። ትልቅ የሚያደርገው ቀጥሎ ያለው ነው።

ሜይ 26 ቀን 1637፣ ገና ሳይነጋ፣ በጆን ሜሰንና በጆን አንደርሂል የተመሩ እንግሊዞች ከሞሂጋንና ከናራጋንሴት አጋሮቻቸው ጋር ሆነው ሚስቲክ ወንዝ አጠገብ ያለውን የፒኳት ምሽግ ከበቡ። መንደሩን በእሳት ለኮሱት። ከእሳቱ የሮጠውን በጥይትና በሰይፍ ጨረሱት። የሞቱት ከ400 እስከ 700 ይገመታሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። አብረው የዘመቱት ናራጋንሴቶች እንኳ እንዲህ ያለ አገዳደል አስደነገጣቸው። በ1638 በሃርትፎርድ በተፈረመው ውል የተረፉት ፒኳቶች በስማቸው እንዳይጠሩ ተከለከለ። የተወሰኑ ምርኮኞች “ዲዛየር” በተባለች መርከብ ተጭነው ወደ ካሪቢያን ለባርነት ተላኩ፤ ያቺው መርከብ በ1638 ስትመለስ ጥጥ፣ ትምባሆና አፍሪካውያንን ጭና ነበር። ይህን ያሰፈረው ዊንትሮፕ ራሱ ነው፣ በዕለት ማስታወሻው፣ እንደ ማንኛውም የጭነት ዝርዝር።

ቫውል እዚህ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ሳቁ ወዲያው አይጠፋም፤ ከእህቷና ከእህቷ ልጅ ጋር የፒኳቶችን ሙዚየም ስትጎበኝ፣ የልጁ ጥያቄና የቱሪስቱ መንገድ ፈገግ ያሰኛል። ጥርስ ባዳ ነው እንደሚባለው ነው፤ ጥርሱ ይስቃል፣ ሆድ ሌላ ነገር ይዟል። ያንን ሁሉ ገጽ ሙሉ በቃላቸው ስናደንቃቸው የነበሩት ሰዎች፣ ያው በቃላቸው፣ ያው በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሳቸው፣ እሳቱን የእግዚአብሔር ሥራ ብለው ሲጽፉ እናያለን። ቀልዱ እስከዚህ ድረስ ያደረገው ሥራ አሁን ይገለጣል። ሰዎቹን አስወዶናል። የምንጠላቸው ቢሆኑ ኖሮ ሚስቲክ አያስደነግጠንም፤ ከክፉ ሰው ክፉ ሥራ ይጠበቃል እንል ነበር። ሞርተንና ሜንከን በእነዚህ ሰዎች ላይ ስቀው እንደዚህ ሊያሳዝኑን አይችሉም።

ስለ አፍሪካውያኑ ጭነት ግን ከዚህ የበለጠ ገጽ ይገባ ነበር ባይ ነኝ። አብሮ ማዘንን የሰበከው ሰው የአካሉን ድንበር የት ላይ እንዳሰመረ ለማየት ከዚያ መርከብ የተሻለ ምስክር የለም። ማሳቹሴትስ በ1641 ባወጣው ሕግ በጦርነት የተማረከንና የተሸጠን ሰው ባሪያ ማድረግን ፈቅዷል። ቅዱሱ ማኅበርና ገበያው በአንድ ወደብ ነበሩ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከዚህ ይከብዳል። ቫውል ከዊንትሮፕ ስብከት ተነሥታ እስከ ሬገን፣ እስከ ኢራቅ ጦርነትና እስከ አቡ ግሬብ እስር ቤት ድረስ መስመር ታሰምራለች። አሜሪካ ራሷን የተመረጠች አድርጋ ማየቷ የተዘራው “አርቤላ” ላይ ነው ማለቷ ነው። ነገር ግን ስብከቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1838 ነው። ከዚያ በፊት ለሁለት መቶ ዓመታት በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ ነበር፤ ከታተመ በኋላም ለረጅም ጊዜ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የአሜሪካ መሠረት ያደረጉት እንደ ፔሪ ሚለር ያሉ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ምሁራንና ከእነሱ የተዋሱት ፖለቲከኞች ናቸው። የታሪክ ምሁሩ ዳንኤል ሮጀርስ ከቫውል መጽሐፍ አሥር ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ይህን በሰፊው አሳይቷል። ስለዚህ ከ1630 ወደ ሬገን የሚወርድ ወንዝ የለም፤ ሬገንና ዘመኑ ወደ ኋላ ሄደው የቆፈሩት ምንጭ ነው ያለው። ተጫዋች የታሪክ ጽሑፍ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል፤ ቀልድ የሚፈጠረው ሩቅና ቅርብ ሲጋጩ ነውና። ቫውል ስብከቱን በሚገባ አንብባዋለች፤ የስብከቱን ዕድል ግን በበቂ አልተከታተለችም።

ከዚህ በተረፈ ትናንሽ ነገሮች አሉ። መጽሐፉ ምዕራፍ የለውም፤ ነገሩ እንደ ቡና ወሬ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይሄዳል፤ ያ አንዳንዱን ያስደስታል፣ አንዳንዱን ያደክማል። ከ1970ዎቹ የቴሌቪዥን ቀልዶች የምታመጣቸው ማነጻጸሪያዎችም ያንን ቴሌቪዥን ላላየ ሰው ባዶ ናቸው፤ አብዛኞቻችን በዚያ ዘመን የምናየው ሌላ ነገር ነበር፣ የምናየው ካለም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ መጽሐፍ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ፒዩሪታኖቹ ራሳቸውን አዲሲቱ እስራኤል አድርገው አንብበዋል። ጆን ኮተን ሊሳፈሩ ሲሉ የሰበከላቸው እግዚአብሔር ለሕዝቡ ስፍራ እንደሚያደርግለት ከሚናገረው ከሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 ነበር። “ክብረ ነገሥት” ያለው አገር ሰው ይህን ሲያነብ እንግዳ አይሆንበትም። ከእነሱ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ የተጻፈ፣ ኪዳኑም ታቦቱም ወደ እኛ መጥቷል የሚል የራሳችን መጽሐፍ አለን። እንዲህ ያለ እምነት ሰውን ምን ያህል እንደሚያጸና እናውቃለን፤ በጎረቤት ላይ ምን ያህል እንደሚያደነድንም እናውቃለን። ሳቅም አላጣንም፤ አለቃ ገብረ ሃና ካህን ሆነው ነው ካህኑንም መኳንንቱንም ያሳቁበት። ጳውሎስ ኞኞ በጋዜጣ “አንድ ጥያቄ አለኝ” እያለ አገር ያጫወተ ሰው፣ ታሪክንም ለተራው አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ጽፏል። ይሁን እንጂ ያለፈውን ስናወራ ዛሬ በየመድረኩ የምንሰማው ሁለት ድምፅ ነው፦ ፉከራና ሙሾ። አባቶቼን እወዳቸዋለሁ፣ ያደረጉትን አይቻለሁ፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ እናገራለሁ የሚል ሦስተኛ ድምፅ ጥቂት ነው። ቫውል ይህ ድምፅ እንደሚቻል ታሳያለች። ሊሠራም የሚችለው የሚጽፈው ሰው ከወገኑ ሰነድ ጋር ሳይሰለች ሲቀመጥና የተጎዱትን ወገን ሰዎች ሙዚየም ድረስ ሄዶ ሲያይ ነው።

እንግሊዝኛውን መግፋት የሚችል ሰው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያንብበው። ጊዜ የሌለው ከሆነ የዊሊያምስንና የሚስቲክን ክፍል አይዝለል። ከዚያ በፊት ግን የዊንትሮፕን ስብከት ራሱን ፈልጎ ቢያነብ ይሻላል፤ አጭር ነው፣ በነፃ ይገኛል። ከተማዋ የምትመጣው መጨረሻው አካባቢ ነው። ከእሷ በፊት ያለው ስለ ብድር ነው፦ ለማን ማበደር እንደሚገባ፣ መክፈል ላልቻለም እዳውን መተው እንደሚገባ። ፖለቲከኞቹ ያንን ክፍል አይጠቅሱትም።